በአራት ምስክሮች ፊት

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ችሎቶች ከሚሰሙት ክርክሮች ሁሉ በአንድ ማዕድ ያደጉ ወንድማማቾችና እህትማማቾች በወላጃቸው ኑዛዜ ላይ የሚያነሡትን ያህል ቤተሰብን የሚጎዳ ክርክር ማግኘት ያስቸግራል። ሟች ምን ፈልገው እንደነበር ቤተሰቡ በሙሉ እያወቀ፣ ፈቃዳቸውን የገለጹበት ወረቀት ሕጉ በሚጠይቀው ሥርዓት ባለመዘጋጀቱ ብቻ እንዳልተጻፈ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ኑዛዜ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ፣ ቀብሩም እንዴት እንደሚፈጸም በሕይወት ሳለ የሚወስንበት ሕጋዊ ተግባር ሲሆን፣ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ተናዛዡ ስለ ቃሉ ሊጠየቅ በማይችልበት ሰዓት ነው። ሕጉ በአጻጻፉ ላይ ይህን ያህል የሚጠብቀውም የሞተ ሰው ቀርቦ ስለማይመሰክር፣ በእሱ ፈንታ የሚናገሩት ወረቀቱና ወረቀቱ ሲነበብ የሰሙት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ነው።

ይህ ጥብቅነት ግን ለባለጸጎች ብቻ የተቀመጠ ውድ ሥርዓት ተደርጎ መታየት የለበትም። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለኑዛዜ የሚያስፈልገውን ዋናውን ነገር፣ ማለትም የታመኑ ጎረቤቶችን፣ የእድር ዳኛን፣ የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ቀድሞውኑ በአጠገቡ ይዟል። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ምን መስማት፣ ምን መፈረምና መቼ መፈረም እንዳለባቸው የሚነግር፣ ሕጉን የሚያውቅና ለሰፈሩ የሚያስብ ባለሙያ ነው።

የውርስ ሕጉ መሠረት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ካዘጋጁት ረቂቅ ተነሥቶ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የውርስ ጉዳይ በፍትሐ ነገሥትና እንደየአካባቢው ልማድ ይዳኝ ነበር። የጋብቻና የቤተሰብ ክፍሉ በፌዴራል ደረጃ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክልሎችም በየራሳቸው የቤተሰብ ሕጎች ሲተካ፣ ከቁጥር 826 የሚጀምረው የውርስ ክፍል ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በመሆኑም አንድ የውርስ ጉዳይ በተግባር ሁለት ሕጎችን ያጣምራል፤ የቤተሰብ ሕጉ የሟች ድርሻ የቱ እንደሆነ ይለያል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያ ድርሻ ለማን እንደሚተላለፍ ይወስናል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ብቻ ነው፤ እነዚህም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፣ በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜና የቃል ኑዛዜ ናቸው። በግልጽ የሚደረገው፣ በቁጥር 881 እንደተደነገገው፣ ተናዛዡ ራሱ የሚጽፈው ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው የሚጽፈው ሲሆን፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና የተፈጸመበት ቀንም በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ካልተመለከተ ዋጋ የለውም። ከተነበበ በኋላም ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት አሻራቸውን ማኖር አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ።

ይህ ድንጋጌ በአንድ ተራ ሳሎን ውስጥ ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጠበቃው በዕድሜ ከገፉት እናት ጋር አስቀድሞ ለብቻቸው ተገናኝቶ፣ ልጆቹና የልጆቹ የትዳር ጓደኞች በሌሉበት ሐሳባቸውን ሰምቶ ጽፏል። በቀጠሮው ቀን አራቱ ምስክሮች ተሟልተው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ነው፣ ኑዛዜው የሚነበብበትን ቋንቋ ይሰማሉ፣ በኑዛዜውም አንዳች ነገር የተሰጠው ሰው በመካከላቸው የለም። ጠበቃው ጽሑፉን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የቤቱን የካርታ ቁጥርና የባንክ ሒሳቡን ሳይዘል ያነባል። ሲጨርስም ወደ እናቲቱ ዘወር ብሎ «እማማ፣ የተነበበው እርስዎ ያሉት ነው? የሚጨመር ወይም የሚወጣ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም አራቱ እየሰሙ «የለም ልጄ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ የማኅተሙ ቀለም ይቀርብላቸዋል፤ አውራ ጣታቸው ሰማያዊ ቀለም እየነካ በየገጹ ግርጌ ያርፋል፤ ምስክሮቹም በተራቸው ከየስማቸው ትይዩ ይፈርማሉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከፊርማዎቹ በላይ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ በተናዛዧና ስማቸው ከዚህ በታች በተመለከተው አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ተናዛዧ ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው ሁላችንም በአንድነት ፈርመናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ ሠፍሯል።

የኑዛዜው ሕይወት በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ይንጠለጠላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኑዛዜው በእርግጥ ተነቦ ሳለ መነበቡ በጽሑፉ ውስጥ ሳይገለጽ የቀረ እንደሆነ፣ ኑዛዜው እንዲፈርስ የሚፈልግ ወገን ትልቅ መሣሪያ አገኘ ማለት ነው፤ ምስክሮቹ በሕይወት ኖረው «ሰምተናል» ቢሉ እንኳን ክርክሩ ቀላል አይሆንም። ከአራቱ አንዱ ቀርቶ በማግሥቱ ቤቱ ድረስ ወረቀቱ ተወስዶለት የፈረመ እንደሆነም ያው ነው፤ ሕጉ ንባቡና ፊርማው በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ እንዲገናኙ የሚፈልገው በመካከል ገጽ እንዳይለወጥ ነውና። ይህን ሁሉ ለመፈጸም የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቂት ወረቀትና የሚያነብ ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደው የተሳሳተ ግምት «ባይናዘዙም ሕጉ ራሱ ለሚገባው ይሰጣል» የሚለው ነው። ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ወይም ኑዛዜው ሲፈርስ ሕጉ «ያለ ኑዛዜ የሚደረግ ውርስ» የሚለውን ሥርዓት ይከተላል። በዚህ ሥርዓት ቀዳሚዎቹ ወራሾች የሟች ልጆች ናቸው፤ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ፣ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ወይም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሳይባል እኩል ይካፈላሉ፣ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ይቆጠራል። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በቦታው ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ሟች ተወላጅ ከሌለው ውርሱ ወደ አባትና እናቱ፣ እነሱም ከሌሉ በእነሱ ቦታ ወደ ሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም ወደ አያቶችና ቅድመ አያቶች መሥመር ይሄዳል፤ ማንም ካልተገኘ መንግሥት ይወስደዋል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ የትዳር ጓደኛ የለም። የኢትዮጵያ ሕግ ያለ ኑዛዜ ውርስን በደም ዝምድና ላይ ስለመሠረተው ሚስት የባሏ፣ ባልም የሚስቱ ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ነው፤ ይህም ድሮውንም የራሱ የሆነውን መለየት እንጂ ከሟች የተወረሰ አይባልም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሕግ ብዙም አይታይ ይሆናል፤ የሟች ግማሽ ወደ ልጆቹ ሄዶ ልጆቹም ከእናታቸው ጋር መኖራቸውን ይቀጥላሉና። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ቤት ሲመጣ ግን ጉዳቱ በግልጽ ይወጣል። ለረጅም ዓመታት አብረው ቆጥበው ሠርተው ባቆሙት ቤት ውስጥ ባል ሳይናዘዝ ቢሞት የቤቱ ግማሽ ለአባትና ለእናቱ፣ እነሱ ካለፉም ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ይተላለፋል። ቤቱ በዓይነት ሊከፋፈል የማይችል ከሆነና ተካፋዮቹ ካልተስማሙ በሐራጅ እንዲሸጥ ሊታዘዝ ይችላል፤ ሚስት የወንድሞቹን ድርሻ የምትገዛበት ገንዘብ ከሌላት ከሐዘኗ ቀጥሎ የሚመጣው ከቤቷ መውጣት ነው። ሰባት ገጽ ኑዛዜ አያስፈልጋትም ነበር፤ ባልየው በአራት ምስክሮች ፊት «የእኔን ድርሻ ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ» የሚል ቃል ቢያስነብብ ኖሮ ወላጆቹም ሆኑ ወንድሞቹ ይህን ሊከለክሉ የሚችሉበት መብት በሕጉ የላቸውም። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ ሊያስቡበት ይገባል፤ የቤተሰብ ሕጉ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ አብረው ከኖሩ የጋራ ንብረት እንዳላቸው ቢቀበልም፣ አብሮ መኖሩን የማስረዳቱ ሸክም በሐዘን ላይ ባለው ወገን ላይ ይወድቃል።

ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በሕይወት የሚቀረው ወገን እስኪሞት ድረስ በቤቱ እንዲኖር ሲፈልጉ ሕጉ ሌላም መንገድ ከፍቷል። የአላባ መብት ይባላል፤ በንብረቱ የመገልገልና ፍሬውን የመውሰድ መብት ለአንዱ፣ ባለቤትነቱ ለሌላው የሚሆንበት አሠራር ነው። አባት የቤቱን ባለቤትነት ለልጆቹ፣ አላባውን ለእናታቸው ቢናዘዝ እናት በሕይወት እስካለች ድረስ ትኖርበታለች ወይም አከራይታ ትጠቀማለች፤ ልጆቹም የሷ ዘመን ሲፈጸም ያለ ተጨማሪ ክርክር ሙሉ ባለቤት ይሆናሉ። ይህ አሠራር እያለ እምብዛም አለመታወቁ ያሳዝናል።

ተናዛዥ ሊያስተላልፍ የሚችለው የራሱን ብቻ ስለሆነ ጠበቃው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የትኛው ንብረት የጋራ፣ የትኛው የግል እንደሆነ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስና በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ሲሆን፣ የግል መሆኑ ያልተረጋገጠ ንብረት ሁሉ ግን በአንደኛው ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሙሉውን ቤት «ቤቴን» ብሎ የተናዘዘ ባል ኑዛዜው የሚጸናው በግማሹ ላይ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ደግሞ ሁለቱም ኑዛዜዎች ይፈርሳሉ፤ ሕጉ ኑዛዜን የግል ተግባር አድርጎ ስለሚያየው እያንዳንዱ ለብቻው እንዲጽፍ ይጠይቃል። ፍቅርን ለመግለጽ ታስቦ የሚደረገው የጋራ ኑዛዜ በዚህ ምክንያት ብቻ ከንቱ ሲሆን ማየት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ ተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ የሚጽፈው ኑዛዜ፣ ምስክር አይፈልግም። ነገር ግን ኑዛዜ መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ መነገር፣ በእያንዳንዱም ገጽ ላይ ቀኑና ፊርማው መኖር አለበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊደል ገልብጦ የሚሠራው ጽሑፍ በዚህ አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው በቁጥር 903 የተቀመጠው የጊዜ ገደብ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ከተጻፈ ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት በጥንቃቄ የተቀመጠ ወረቀት በሥርዓቱ የተጻፈ ቢሆንም የሚያደርሰው የትም የለም። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው ልጅ በኮምፒውተር አቀናብሮና አትሞ አባቱን የሚያስፈርምበት ወረቀትም የአባት የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበም በግልጽ የተደረገ አይባልም፤ ስለዚህ ከሕጉ መደቦች በአንዱም ውስጥ አይገባም።

የቃል ኑዛዜ ከሁሉ ይበልጥ ለኢትዮጵያዊ ልብ የቀረበ፣ በሕጉ ግን ከሁሉ የጠበበ ነው። በአልጋ ላይ ያለ ሰው የመጨረሻ ቃሉን ለሁለት ምስክሮች መናገር ይችላል፤ የሚጸናለት ግን ስለ ቀብሩ የሰጠው ትእዛዝ፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት የተናገረው፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ልዩ ስጦታዎች ብቻ ናቸው፤ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ቃሉ ይወድቃል። 500 ብር ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ድንጋጌው ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ የቃል ኑዛዜን ከሞላ ጎደል ባዶ አድርጎታል። ሕግ አውጪው አሃዙን ሊያሻሽለው ይገባል። የአባት የመጨረሻ ቃል በቤተሰብ ዘንድ እንደ መሐላ በሚከበርበት አገር፣ በስልክ የተቀረጸ ድምፅ ወይም ምስል ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚመጣ ልጅ ሕጉ ከሦስቱ ሌላ ዓይነት ኑዛዜ እንደማያውቅ የሚረዳው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ኑዛዜ በሥርዓቱ ቢጻፍም ይዘቱ ደግሞ የራሱ ወሰን አለው። ወላጅ ልጁን ከውርስ ሊነቅል የሚችለው ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ከጻፈ ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤትም የሚመረምረው የተጻፈው ምክንያት ለመንቀል በቂ መሆኑን እንጂ ድርጊቱ በእርግጥ መፈጸሙን አይደለም፤ የተናዛዡ ቃል እውነት ነው ተብሎ ይወሰዳል። ይህ ለወላጅ የተሰጠ ከባድ ሥልጣን ስለሆነ በቁጣ ቀን ሊሠራበት አይገባም። ሳይነቅል ንብረቱን ለልጆቹ ያከፋፈለ ወላጅም ሙሉ ነፃነት የለውም፤ በቁጥር 1123 መሠረት ከሕጋዊ ድርሻው ከሩብ በላይ የጎደለበት ተወላጅ ክፍፍሉ እንዲሻር መጠየቅ ይችላል። የ4 ሚሊዮን ብር ንብረት ያለው የአራት ልጆች አባት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሕጋዊ ድርሻ 1 ሚሊዮን ብር መሆኑን አውቆ፣ በአልጋ ቁራኛነቱ ዘመን ላስታመመችው ልጁ ሊያበልጥ ቢፈልግ የሌሎቹን ድርሻ ከ750 ሺህ ብር በታች ባያወርድ ልጆቹን ከክርክር ያድናል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ የተወለደ ወይም ጋብቻው በፍቺ የፈረሰ እንደሆነ በኑዛዜው የተሰጡት ነገሮች ሊወድቁ ስለሚችሉ ጽሑፉን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ኑዛዜ እስከ ሞት ድረስ ሁልጊዜ ሊለወጥ የሚችል ነውና «አልለውጥም» ብሎ የተገባ ቃል እንኳን ተናዛዡን አያስረውም።

መሬትን በሚመለከት ነገሩ የተለየ መንገድ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱና በላዩ ያለው ንብረት ነው። የገጠር መሬትን ማን ሊወርስ እንደሚችልና ለማን መናዘዝ እንደሚቻል የፌዴራሉና የየክልሉ የመሬት አዋጆች ስለሚወስኑት፣ የገበሬ ኑዛዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብቻ ተከትሎ ቢጻፍ ሊፈርስ ይችላል። ለከተማ ነዋሪ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነት አስቀምጧል፤ ነባር፣ ማለትም ከሊዝ ውጭ በተያዘ፣ ይዞታ ላይ ያለ ቤት በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ ሲገባ፣ በውርስ ሲተላለፍ ግን አይገባም። ቤቱን በሕይወት እያሉ በስጦታ ለማስተላለፍና በኑዛዜ ለማስተላለፍ የሚያመነቱ ወላጆች ይህን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ለሙስሊም ቤተሰቦች ሌላ ምርጫም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በፈቀደው መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ የውርስ፣ የኑዛዜና የወቅፍ ጉዳዮችን ያያሉ። በሸሪዓው ሥርዓት ወሲያ፣ ማለትም ኑዛዜ፣ ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፤ ለሕጋዊ ወራሽ የሚደረግ ኑዛዜም የቀሩት ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ስለዚህ ሙስሊም ተናዛዥ ጉዳዩ ወደየትኛው ፍርድ ቤት ሊሄድ እንደሚችል አስቦ ቢጽፍ ቤተሰቡን ከሁለት መሥመር ክርክር ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰፈር የጥብቅና ቢሮ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠበቆች በየግላቸው ብቻ ይሠሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደላቸው። በነጻ የማገልገል ግዴታ ግን ከዚያ አስቀድሞ የነበረ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አገልግሎት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲሰጥ ይጠይቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ከፍተዋል። ከእነዚህ ሰዓቶች ጥቂቱ በወርኃዊው የእድር ስብሰባ ላይ ቢውል የሚሰጠው ጥቅም በችሎት ከሚገኘው ይበልጣል፤ እድር ሞት የደረሰበትን ቤት ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ፣ አባላቱን በስም የሚለይ፣ በሽማግሌዎቹም ቃል የሚታመን ተቋም ነውና። አንድ ጠበቃ ለእድሩ ዳኞች የንባቡን ሥርዓትና ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያስተምር፣ እድሩ ለብዙ ቤት የሚበቁ የሠለጠኑ ምስክሮች አፈራ ማለት ነው።

ባለሙያው ከምስክርነቱ ሌላ ሊያሳስበው የሚገባው የውርስ አጣሪ ጉዳይ ነው። አጣሪ ማለት ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን የሚፈልግ፣ ወራሾችን የሚለይ፣ ንብረቱን የሚሰበስብና ዕዳውን የሚከፍል ሰው ነው፤ ተናዛዡ በኑዛዜው ካልሾመ ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪዎች ይሆናሉ፣ ካልተስማሙም ፍርድ ቤት ይሾማል። አከፋፈሉም ቅደም ተከተል አለው፤ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጡ ልዩ ስጦታዎች ይከፈላሉ። በመሆኑም ዕዳውን ሳይዘረዝር ስጦታ ብቻ የዘረዘረ ኑዛዜ ተቀባዮቹን ባዶ እጅ ሊያስቀር ይችላል። የጡረታ አበል ግን ከውርሱ ውጭ ሆኖ በራሱ ሕግ ለተተኪዎች ይከፈላል።

ይሉኝታም በዚህ ቦታ ዋጋ ያስከፍላል። ከአርባው፣ ከሙት ዓመቱ በፊት ስለ ንብረት መናገር ነውር ተደርጎ ስለሚታይ፣ ከዚያም በኋላ «ታላቅ ወንድማችን ይዞት ይቆይ» እየተባለ ዓመታት ይቆጠራሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ግን ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ከቤተሰብ የቆየ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስተቀር የ15 ዓመት ገደብ አለ። በዝምታዋ የቤተሰብ ሰላም የጠበቀች የመሰላት እህት ድርሻዋን የምታጣው በዚህ መንገድ ነው። የወራሽነት ምስክር ወረቀት በጊዜው ከፍርድ ቤት ማውጣት የድርሻ መጠየቅ እንጂ የጠብ መጀመር ተደርጎ መታየት የለበትም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ችግር ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ብዙዎቹ በአገር ቤት ላለው ቤታቸው ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ስለሰጡ ነገሩ የተዘጋ ይመስላቸዋል፤ ውክልና ግን በመርሕ ደረጃ በወካዩ ሞት ያበቃል፣ ተወካዩም ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱን ለማከራየትም ሆነ ለመሸጥ ሥልጣን የለውም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱት በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ መያዛቸው ከቤት ባለቤትነት ጋር በተያያዘ በውጭ ዜጋ ላይ ከሚጣለው ገደብ ያድናቸዋል፤ ቤቱን የሚናዘዙላቸው በውጭ የተወለዱ ልጆችም ይህ ወረቀት እንዳላቸው አስቀድሞ ማየት ያሻል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ በተለመደው አሠራር ኑዛዜ የሚፈርሙት ሁለት ምስክሮች ናቸው፤ በዚያ ቁጥር የተዘጋጀ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ ቁጥር 881 የሚለውን አራት ይዞ የሚጠብቅ ተከራካሪ ይገጥመዋል። ሁለት ተጨማሪ ምስክሮችን በዚያው ክፍል ማስቀመጥና የንባቡን ዓረፍተ ነገር መጨመር ምንም አያስወጣም። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው በኢትዮጵያ ላለው ንብረት ብቻ የተለየ የአማርኛ ኑዛዜ በኢትዮጵያ ሕግ ፎርም አዘጋጅቶ በኤምባሲው፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ በአገር ቤት ሰነዶችን በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ማስቀመጥ ነው። ይህን ያደረገ ሰው በአሜሪካ አዲስ ኑዛዜ ሲያስጽፍ ግን የአገሩ ጠበቆች በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ዘወትር የሚያስገቡትን «ከዚህ በፊት ያደረግኋቸውን ኑዛዜዎች ሁሉ ሽሬአለሁ» የሚል ቃል አንብቦ፣ በኢትዮጵያ ስላለው ንብረት የተደረገው ኑዛዜ በዚህ እንደማይሻር ቀኑን ጠቅሶ ማስጻፍ ይኖርበታል፤ በአማርኛው ላይም እንዲሁ ስለ አሜሪካው።